በክፍት ወንበር ገብተው ክፍት ወንበር ትተው የወጡት ፕሬዚዳንት

የአሜሪካ 36ኛው ፕሬዚዳንት ሊንደን ቤይንስ ጆንሰን ከሠላሳ ዓመታት በላይ በምርጫ ፖለቲካ ውስጥ ኖረዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን በወንበሩ ላይ የተቀመጠን ሰው በምርጫ ረትተው፣ ከሥፍራው አስነሥተው የያዙት ሥልጣን አንድም አልነበረም። የተወካዮች ምክር ቤት የገቡት የቀድሞው ተመራጭ በመሞታቸው ነው። ሴኔት የገቡት ባለ ወንበሩ ዳግመኛ አልወዳደርም በማለታቸው ነው። ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ሕገ መንግሥቱ ድዋይት አይዘንሃወርን ለሦስተኛ ጊዜ እንዳይወዳደሩ በከለከለበት ዓመት ነው። ፕሬዚዳንት ያደረጋቸው ደግሞ የነፍሰ ገዳይ ጥይት ነው። በመጨረሻም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968፣ በምርጫ ማንም ሳይጥላቸው ራሳቸው ወንበሩን ክፍት አድርገው ሄዱ።

በአሜሪካ በሥልጣን ላይ ያለ ተመራጭ ስሙ የታወቀ፣ ገንዘብ የሚያዋጡለት ወዳጆች ያሉት፣ ለመራጩም ውለታ የዋለ በመሆኑ በቀላሉ አይወድቅም። ፉክክሩ የሚጦፈው ወንበሩ ሲከፈት ነው። ስለዚህም ቀጣዩ ሰው ማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ የቀድሞው ለምንና መቼ ሄደ ከሚለው ተነጥሎ አይታይም። በሞት የተከፈተ በር፣ በሕመም ወይም በዕድሜ የተከፈተ በር፣ ሽንፈትን በመፍራት ወይም ከፍ ያለ ሹመትን በመሻት የተከፈተ በር የሚያስገቡት ሰው ለየቅል ነው። ጆንሰን በአብዛኞቹ በሮች አልፈዋል፤ ጥቂቶቹንም በገዛ እጃቸው ከፍተዋል።

ጆንሰን ኦገስት 27 ቀን 1908 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቴክሳስ ግዛት፣ በፔደርናሌስ ወንዝ አጠገብ፣ ስቶንዎል በተባለች መንደር አቅራቢያ ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ነበሩ። አባታቸው ሳም ጆንሰን የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል በመሆናቸው ልጅየው ቅስቀሳና ክርክር ምን እንደሚመስል ያዩት ገና በጨቅላነታቸው ነው። ሳም ጆንሰን ግን የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ እርሻቸውን አጡ፤ ዕዳ ተሸክመውም ከምክር ቤቱ ወጡ። በኋለኛው ዘመናቸው የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የአበው ብሂል ብዙ ጊዜ ለሌብነት ማመካኛ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ሳም ጆንሰን ግን በእርግጥ ሳይበሉ የወረዱ ሰው ነበሩ። ሥልጣን ያጣ ሰው በገዛ ከተማው በምን ዓይን እንደሚታይ ልጃቸው በአባታቸው አይተዋል። ያ ትዝታ እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

ሊንደን ሳን ማርኮስ ከተማ በሚገኝ የመምህራን ኮሌጅ ተማሩ። በመካከሉ የትምህርት ገንዘብ ቢያጥራቸው በ1928 ኮቱላ በተባለች ከተማ የድኻ ሜክሲኳውያን ልጆችን አስተማሩ። ያለ ቁርስ የሚመጡትን የእነዚያን ሕፃናት ነገር ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የመራጮች መብት ሕግ እንዲጸድቅ ኮንግረሱን ሲማፀኑ አንሥተውታል።

ወደ ዋሽንግተን የወሰዳቸው መንገድ የተከፈተው በማያውቁት ሰው ሞት ነው። በ1931 ከቴክሳስ የተመረጡት ብቸኛ ሪፐብሊካን የኮንግረስ አባል ሃሪ ዉርዝባክ ዐረፉ። በተካሄደው የማሟያ ምርጫ ዴሞክራቱ ሪቻርድ ክሌበርግ አሸነፉና ወጣቱን መምህር ጸሐፊያቸው አድርገው ይዘው ሄዱ። ክሌበርግ ከሥራው ይልቅ ጎልፍ የሚያዘወትሩ ባለጸጋ ስለነበሩ የቢሮው ሥራ በአብዛኛው በጸሐፊው ትከሻ ላይ ወደቀ። ጆንሰን የኮንግረስን አሠራር ያጠኑት በዚያ ቢሮ ነው። በ1934 በተለምዶ ሌዲ በርድ ተብለው የሚጠሩትን ክላውዲያ ቴይለርን አገቡ። በቀጣዩ ዓመት የቴክሳስ የወጣቶች የሥራ ፕሮግራም ኃላፊ ሆኑ።

በፌብሩዋሪ 1937 የቴክሳስ 10ኛ የምርጫ ወረዳን ለረጅም ዘመን የወከሉት ጄምስ ቡካናን ሞቱ። ጆንሰን 28 ዓመታቸው ነበር። ብዙዎች የሟቹን ባለቤት ውሳኔ ይጠብቁ ነበር፤ ሴትየዋ ከተወዳደሩ ሐዘንተኛን የሚጋፋ አይገኝም ተብሎ ታስቧልና። መፍትሔውን የነገሯቸው ዕዳ ተሸክመው የወጡት አባታቸው ናቸው። አሮጌው ፖለቲከኛ ልጃቸው ሳይውል ሳያድር እጩነቱን እንዲያስታውቅ፣ ጠንካራ ፉክክር መኖሩን ካዩ ሴትየዋ እንደማይገቡበት መከሩ። እንዳሉትም ሆነ። ሌዲ በርድ ከእናታቸው ውርስ 10,000 ዶላር አቀረቡ። ሌሎቹ እጩዎች ድምፁን ሲከፋፈሉት፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ያለ ማወላወል እደግፋለሁ ያሉት ጆንሰን ከ8,000 ጥቂት በሚበልጥ ድምፅ፣ ከጠቅላላው 28 ከመቶ ገደማ አግኝተው አሸነፉ። የድላቸውን ዜና የሰሙት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነው። ክፍት ወንበር እንዲህ ነው፤ ከአራት መራጮች ሦስቱ ያልመረጡትን ሰው ለረጅም ዘመን ሊያስቀምጥ ይችላል።

በ1941 የሴኔት አባሉ ሞሪስ ሼፐርድ ሞቱ። ምርጫው የማሟያ በመሆኑ ጆንሰን የያዙትን ወንበር ሳይለቁ መወዳደር ቻሉ፤ በ1,311 ድምፅ ግን በገዢው ሊ ኦዳንኤል ተሸነፉ። ከሰባት ዓመት በኋላ ያው ኦዳንኤል ዳግም ላለመወዳደር ወሰኑና ወንበሩ እንደገና ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ግን ዋጋው ሌላ ነበር። ምርጫው መደበኛ ስለሆነ ጆንሰን ለሴኔት ሲቀርቡ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበራቸውን መተው ነበረባቸው። 40 ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበው ተወዳዳሪ ከተሸነፉ የአባታቸው ዕጣ ይጠብቃቸው ነበር።

ከቀድሞው ገዢ ኮክ ስቲቨንሰን ጋር የተደረገው የ1948ቱ ዳግም ምርጫ እስከ ዛሬ መነጋገሪያ ነው። አንድ ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ውስጥ ልዩነቱ 87 ሆነ። ምርጫው ካለቀ ከስድስት ቀናት በኋላ በጂም ዌልስ አውራጃ ከሚገኘው 13ኛ የምርጫ ሣጥን ወደ 200 የሚጠጉ ተጨማሪ ድምፆች ተገኙ። የመራጮቹ ስም በፊደል ተራ፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሕፈት ሰፍሮ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ የጆንሰን ስም ከእጩዎች ዝርዝር እንዲወጣ ታዘዘ። ትእዛዙ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ በሁጎ ብላክ እንዲታገድ ያደረጉት ኤብ ፎርታስ የተባሉ ጠበቃ ነበሩ። ጆንሰን የለቀቁትን የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ደግሞ ሆመር ቶርንቤሪ ያዙት። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ስም ከሃያ ዓመት በኋላ በአንድ ቀን ይነሣል።

በሴኔት ያደረጉት ጉዞ ፈጣን ነበር። የፓርቲው ነባር መሪዎች በየግዛታቸው እየተሸነፉ ሲሄዱ በ1951 ምክትል፣ በ1953 የዴሞክራቶች መሪ ሆኑ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩትን መሪ ኧርነስት ማክፋርላንድን በአሪዞና ያሸነፉት ባሪ ጎልድዋተር ናቸው፤ ጆንሰን በ1964 ለፕሬዚዳንትነት የረቷቸው እኒያው ሰው። በ1955 የአብላጫው መሪ ሆኑ። በዚያው ዓመት ጁላይ፣ በ46 ዓመታቸው፣ ለሞት ያደረሰ የልብ ሕመም ጣላቸው።

በ1960 ከጆን ኬኔዲ ጋር በምክትልነት ሲቀርቡ የ1948ቱን ጭንቀት መድገም አልፈለጉም። የቴክሳስ ምክር ቤት አስቀድሞ ሕጉን አሻሽሎ በአንድ ቀን ለሁለት ሥልጣን እንዲወዳደሩ ፈቅዶላቸዋል። በሁለቱም አሸነፉና የሴኔቱን ተዉት። ለዚያ ክፍት ወንበር በ1961 ሰባ አንድ እጩዎች ተሰለፉ! ያሸነፉት ጆን ታወር ከመልሶ ግንባታው ዘመን ወዲህ ቴክሳስ ወደ ሴኔት የላከቻቸው የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ናቸው። ጆንሰን ወደ ላይ ሲወጡ ለፓርቲያቸው ጠንካራ ምሽግ በነበረው ግዛት ለተቀናቃኞቻቸው በር ከፈቱ።

ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ኬኔዲ በዳላስ ተገደሉ። ጆንሰን በአውሮፕላን ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሌሎች የዓለም መሪዎች ጋር በተገኙበት የቀብር ሥነ ሥርዓት ማግሥት አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥራቸውን በጥድፊያ ጀመሩ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ የ1965ቱ የመራጮች መብት ሕግ፣ የአረጋውያን የጤና መድን በተከታታይ ጸደቁ። በኦክቶበር 1965 የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተውን ኮታ ሻረ፤ ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ አፍሪካውያን ወደ አሜሪካ የገቡበት በር በዚያ ሕግ ሰፋ።

ጆንሰን ወንበር ሲከፈት የሚጠብቁ ብቻ አልነበሩም። በ1965 ፎርታስን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ለማስቀመጥ ሲሹ ክፍት ቦታ አልነበረም። ስለዚህ ዳኛ አርተር ጎልድበርግን የዕድሜ ልክ ሹመታቸውን ትተው የተባበሩት መንግሥታት አምባሳደር እንዲሆኑ አግባቧቸው። በ1967 ደግሞ ራምዜ ክላርክን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አደረጉ። የራምዜ አባት ቶም ክላርክ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ነበሩና፣ ልጅ በሚሟገትበት ችሎት አባት መቀመጥ እንዳይሆን ጡረታ ወጡ። በዚያ ወንበር የተቀመጡት ተርጉድ ማርሻል የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኑ። ለመልካም ዓላማ የዋለ ተንኮል ቢባል ያስኬዳል።

የራሳቸው ወንበር ግን ከመጀመሪያው ይቆረቁራቸው ነበር። በ1964፣ ድላቸው እርግጥ በነበረበት ወቅት እንኳ፣ የፓርቲው ጉባኤ ተጀምሮ ሳለ እጩነቱን አልቀበልም የሚል መግለጫ አርቅቀው ነበር። ያጽናኗቸውና ያስተዉአቸው ሌዲ በርድ ናቸው። እኒህ ሴት አስቀድመው በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ለባለቤታቸው በጻፉት ማስታወሻ አሁን እንዲወዳደሩ፣ በ1968 ፌብሩዋሪ ወይም ማርች ላይ ግን ከዚህ በኋላ እጩ እንደማይሆኑ እንዲያስታውቁ መክረዋል። ቀኑ ሊስት የቀረው በጣም ጥቂት ነበር። ጆንሰን ጎልድዋተርን 61 ከመቶ በሚሆን ድምፅ ረቱ። ከኬኔዲ ዘመን ያገለገሉት ከሁለት ዓመት ያነሰ በመሆኑም 22ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1968 ዳግም እንዲወዳደሩ ይፈቅድላቸው ነበር።

የቬትናም ጦርነት ሁሉን ለወጠው። ሥልጣን ሲይዙ በዚያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች 16,000 ገደማ ነበሩ፤ በ1968 ከ500,000 በላይ ሆኑ። በየዩኒቨርሲቲው ተቃውሞው ጠነከረ። የዚያ ዓመት ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ የሰሜን ቬትናም ጦርና የደቡቡ ሽምቅ ተዋጊዎች የቴት በዓልን ጠብቀው በከተሞች ላይ ጥቃት ሲከፍቱ፣ ድሉ ቀርቧል ሲባል የቆየውን ሕዝብ እምነት ናዱት። የጦር አዛዦቹ ከ200,000 በላይ ተጨማሪ ወታደር ጠየቁ።

በሌላ በኩል ሰውነታቸው ነበር። በቤተሰባቸው ወንዶች ዕድሜያቸው አጭር ነበር፤ አባታቸው የሞቱት 60 ዓመት እንደሞላቸው ነው። ጆንሰን በ1967 በምሥጢር ያስጠኑት የዕድሜ ስሌት በ64 ዓመታቸው እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን በስትሮክ ተመትተው በሥልጣን ላይ አልጋ ቁራኛ መሆናቸውም በሐሳባቸው ይመላለስ ነበር። በጃንዋሪ 1968 ለኮንግረሱ ዓመታዊ ንግግር ሲያደርጉ የመልቀቂያውን ቃል ይዘው እንደሄዱ፣ ሳያነቡትም እንደተመለሱ ይታወቃል። ይህች የዘለቀች ዕድል የዚያን ዓመት ታሪክ መልክ ሰጥታዋለች።

ማርች 12 በኒው ሃምፕሻየር በተደረገው የፓርቲ ቅድመ ምርጫ ስማቸው በወረቀቱ ላይ ሳይታተም መራጮች በእጃቸው እየጻፉ 49 ከመቶ ሰጧቸው። የጦርነቱ ተቃዋሚ ሴናተር ዩጂን ማካርቲ ግን 42 ከመቶ አገኙ። በቁጥር ያሸነፉት ጆንሰን፣ በአገሩ ዓይን የተሸነፉትም እርሳቸው ሆኑ። ከአራት ቀን በኋላ ሮበርት ኬኔዲ ወደ ውድድሩ ገቡ። በወሩ መጨረሻ ጆንሰን የሚያከብሯቸው አንጋፋ አማካሪዎች ከጦርነቱ መውጫ እንዲፈለግ መከሯቸው። ከ16 ዓመት በፊት ፕሬዚዳንት ትሩማንም በዚያው ግዛት በተመሳሳይ ምርጫ ከተሸነፉ በኋላ፣ በዚያው በማርች ወር ከውድድር መውጣታቸውን አስታውቀው ነበር።

ማርች 31 እሑድ ነበር። ማለዳ ላይ ነፍሰ ጡር የነበሩት ልጃቸው ሊንዳ ባለቤታቸውን ወደ ቬትናም ሸኝተው ከካሊፎርኒያ ደረሱ፤ ከወላጆቻቸው ጋር የተገናኙት እንባ እየተናነቃቸው ነው። ያን ዕለት ጠዋት ጆንሰን ወደ ምክትላቸው ሂዩበርት ሃምፍሬይ ቤት ሄደው ሊናገሩት ያሰቡትን አሳዩአቸው። ማታ በሦስት ሰዓት፣ በቴሌቪዥን መስኮት ቀርበው በአብዛኛው የሰሜን ቬትናም ክፍል ላይ የሚደረገውን የአየር ድብደባ ማቆማቸውን ገለጹ። በንግግሩ ማብቂያ ላይ፣ አብዛኞቹ ረዳቶቻቸው እንኳ ሳይጠብቁት፣ የፓርቲያቸውን እጩነት እንደማይሹ፣ ቢሰጣቸውም እንደማይቀበሉት አስታወቁ። ከሁለት ቀን በኋላ በዊስኮንሲን በተካሄደው ቅድመ ምርጫ ማካርቲ በሰፊ ልዩነት በለጧቸው።

ሽንፈትን ፈርተው ሸሹ የሚሉ አሉ፤ ለሰላም ሲሉ ራሳቸውን ሠዉ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ሃኖይ በቀናት ውስጥ ለንግግር ፈቃደኛ መሆኗ ለሁለተኛው ወገን ይመሰክራል። የልቡን ሕመምና የሌዲ በርድን ማስታወሻ ያየ ግን ውሳኔው ከኒው ሃምፕሻየር በፊት እንደተጠነሰሰ ይረዳል። የሚያስወቅሳቸው መሄዳቸው ሳይሆን የሄዱበት ጊዜ ነው። በጃንዋሪ ቢናገሩት ኖሮ ሃምፍሬይ በየግዛቱ ሕዝብ ፊት ቀርበው መፎካከር ይችሉ ነበር። በኤፕሪል 27 እጩነታቸውን ሲያስታውቁ ግን የብዙዎቹ ቅድመ ምርጫዎች መመዝገቢያ ጊዜ አልፎ ስለነበር አንዱንም ሳይወዳደሩ በፓርቲው አለቆች ድጋፍ ወደ ጉባኤው ደረሱ። በጁን ሮበርት ኬኔዲ ተገደሉ። በኦገስት ቺካጎ ላይ በአዳራሹ ውስጥ ጭቅጭቅ፣ በአደባባዩ የፖሊስ ዱላ ነገሠ። ጆንሰን 60ኛ ልደታቸው በጉባኤው ሳምንት ቢውልም ሳይገኙ ቀሩ። የዚያ እጩነት ቅሬታ ፓርቲው የእጩ አመራረጥ ሥርዓቱን በአዲስ እንዲያዋቅር አስገደደው። ከ56 ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2024፣ ጆ ባይደን ከቅድመ ምርጫዎቹ በኋላ ሲወጡ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል።

ሊሄድ የተቃረበ ሹም ትእዛዙ እንደሚቀል ጆንሰን በበጋው አዩት። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኧርል ዋረን ተተኪያቸውን ጆንሰን እንዲመርጡ ፈልገው ሊለቁ መወሰናቸውን ጻፉ። ጆንሰን ለዋረን ወንበር የ1948ቱን ጠበቃቸውን ፎርታስን፣ ለፎርታስ ወንበር ደግሞ የቀድሞ የምርጫ ወረዳቸውን የወረሱትን ቶርንቤሪን አጩ። ያንን ሁሉ ወንበር ሲያንቀሳቅሱ የኖሩት እጆች በዚህ ጊዜ ዛሉ። ከሪፐብሊካኖች ብዙዎቹ ቀጣዩ ፕሬዚዳንት ይሹም አሉ፤ ሴኔቱ በክርክር ታነቀ፤ ሹመቶቹም ከሸፉ። በኖቬምበር ሪቻርድ ኒክሰን 43.4 ከመቶ፣ ሃምፍሬይ 42.7 ከመቶ አገኙ። የዋረንን ተተኪ የሾሙት ኒክሰን ሆኑ።

ጆንሰን ጃንዋሪ 20 ቀን 1969 ዋይት ሐውስን ለቀው ወደ ፔደርናሌስ ዳርቻ ተመለሱ። ከብት አረቡ፣ ማስታወሻቸውን ጻፉ፣ ጸጉራቸውን አስረዘሙ፣ ለዓመታት የተዉትን ሲጋራም እንደገና አጨሱ። በ1971 በስማቸው የተሠራው ቤተ መጻሕፍት በኦስቲን ተከፈተ። በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል ልባቸው ዳግመኛ በብርቱ ታመመ።

በ1968 ተወዳድረው ቢያሸንፉ ኖሮ ዘመናቸው የሚያበቃው ጃንዋሪ 20 ቀን 1973 ነበር። ጆንሰን ያረፉት ጃንዋሪ 22 ቀን 1973፣ በ64 ዓመታቸው ነው። በማግሥቱ ኒክሰን የቬትናም የሰላም ስምምነት መደረሱን ለሕዝብ አበሠሩ። ሰነዱ በፓሪስ የተፈረመው ጃንዋሪ 27 ሲሆን፣ ጆንሰን በወንዙ አጠገብ ባለው የቤተሰባቸው መቃብር ካረፉ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር።